ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማን ተቀመጠ?

እናቴ ከእኛ ጋር መኖር ስትጀምር መኪናችን ጠበበችን። አራት ልጆች፣ ባለቤቴ፣ እኔ እና እናቴ፤ በጠቅላላው ሰባት ነን። የእናቴ ተሽከርካሪ ወንበር ደግሞ ታጥፎም ቢሆን የአንድ ሰው ያህል ቦታ ይወስዳል። ሦስት ረድፍ መቀመጫ ኖሮት ከኋላም ዕቃ የሚይዝ ትልቅ ኤስዩቪ መግዛት ግድ ሆነ። እንዲህ ያለ መኪና በየዓመቱ የሚለወጥ አይደለም፤ ልጆቹ አድገው ከቤት እስኪወጡ አብሮን የሚኖር ነው። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት የባለሙያዎቹን ግምገማ ያገኘሁትን ያህል ለማንበብ ወሰንኩ። ለሁለት ወር ያህል ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሥራዬ ይህ ነበር።

ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በቶዮታ ሴኮያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ብዙም ሳይለወጥ የቆየው ይህ መኪና በ2023 ሞዴል ከሥር ከመሠረቱ እንደ አዲስ ተሠርቶ መጣ። ለማነጻጸሪያ የያዝኩት በ2021 ሞዴል የታደሰውን ሼቭሮሌት ታሆን ነበር። ሁለቱም በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተገነቡ፣ ለትልቅ ቤተሰብ የታሰቡ መኪናዎች ናቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት የሠራሁት ስህተት ብዙ ሌሊት በልቶብኛል። ገምጋሚዎቹ የሰጡትን ነጥብ እየለቀምኩ በኮምፒውተር ሰንጠረዥ አስገባሁና አማካይ አወጣሁ። የሁለቱ መኪናዎች ልዩነት እዚህ ግባ የማይባል ሆነ። አንዱ ገምጋሚ ነጥቡን ሲሰጥ ያሰበው የሞተሩን ጉልበት ነው፤ ሌላው የመቀመጫውን ምቾት፤ ሦስተኛው ስክሪኑን። እነዚህን ደምሮ ማካፈል የአንዱን ክብደት ከሌላው ቁመት ጋር ደምሮ ለሁለት እንደማካፈል ነው። ጽሑፎቹን ሳነብ ደግሞ ይባስ ግራ ተጋባሁ። ስለ አንዱ መኪና፣ አንዱ «መንገድ ላይ ይንሳፈፋል» ሲል ሌላው «ጉድጓድ በነካ ቁጥር ይነጥራል» ይላል። አንዱ የኋላው ቦታ ሰፍቷል ሲል ሌላው ባክኗል ይላል። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ብዬ ደመደምኩ። ማንም አልዋሸም ነበር።

ሰንጠረዡን ሰርዤ እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው ዙር መደምደሚያውን ትቼ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አምስት ጥያቄ አቀረብኩ። መኪናው የማን ነው? የትኛው ደረጃ ነው (አንድ ሞዴል በተለያየ መሣሪያና ዋጋ ይሸጣልና)? ምን ያህል ጊዜ ተነዳ? ከምን ጋር ተነጻጸረ? ሦስተኛው ረድፍ ላይስ ማን ተቀመጠ? መልሶቹን በደብተር ላይ በእጄ ጻፍኳቸው። መልስ አጥተው ባዶ የቀሩት ቦታዎች ከተሞሉት ይልቅ አስተማሩኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን ጽሑፎቹን በክምር በክምር ለያቸው። አዲስ መኪና ሲወጣ ቀድመው የሚታተሙት «የመጀመሪያ ሙከራ» የሚባሉ ግምገማዎች ናቸው፤ አምራቹ ጋዜጠኞችን ይጋብዛል፣ መኪናውን ያቀርባል፣ መንገዱንም ይመርጣል። ገምጋሚው ጥቂት ሰዓት ነድቶ ይጽፋል። ሐሰት የለበትም፤ ግን በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ሕፃን አልጮኸም፣ ዕቃ አልተጫነም፣ የነዳጅ ታንኩም አልተሟጠጠም። ሁለተኛው ክምር በመሣሪያ የሚለኩት ነው። የመኪና መጽሔቱ ካር ኤንድ ድራይቨር ለምሳሌ መኪናውን በሰዓት 75 ማይል፣ ማለትም 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት በአውራ ጎዳና ላይ እየነዳ ነዳጁን ይለካል፤ ለረጅም ጊዜ የሚይዛቸውን ደግሞ 40,000 ማይል ድረስ ይነዳቸዋል። ለሸማቾች ዕቃ የሚፈትነው ድርጅት ኮንሲውመር ሪፖርትስ የሚፈትናቸውን መኪናዎች እንደማንኛውም ሰው ከሻጭ በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ ማስታወቂያም አይቀበልም። ካርስ ዶት ኮም የተባለው የመኪና ድረ ገጽ የሕፃናት መቀመጫ አገጣጠም በሠለጠኑ ባለሙያዎች አማካኝነት መቀመጫዎቹን በየረድፉ እያሰረ ይፈትሻል። ሁለት ልጆቼ ገና በእንዲህ ያለ መቀመጫ የሚታሰሩ ስለሆኑ፣ ይህ ፍተሻ ለእኔ ስለ ፍጥነት ከተጻፈ አሥር ገጽ ይበልጥብኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መንሳፈፍና ስለ መንጠር የነበረውን ክርክር ፈታልኝ። ሴኮያ ከኤስአር 5 እስከ ካፕስቶን ድረስ በተለያየ ደረጃ ይሸጣል። ኤስአር 5 የሚቆመው በ18 ኢንች ቸርኬ ላይ ነው፤ ካፕስቶን በ22 ኢንች። ቸርኬው በሰፋ ቁጥር የጎማው ግድግዳ ያጥራል፤ ጉድጓዱን የሚውጠው አየር የያዘው ጎማ ነውና ግድግዳው ሲያጥር ምቱ ወደ ወገብ ይደርሳል። ሁለቱ ገምጋሚዎች ስሙ አንድ የሆነ፣ እግሩ ግን የተለያየ መኪና ነበር የነዱት። ከዚያ በኋላ ደረጃው ያልተጠቀሰበትን ጽሑፍ ስለ ምቾት በምስክርነት አልቆጥርም።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን የኋላው አክስል፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹን የሚይዘው ክፍል ነገር ነው። ሁለቱ አምራቾች እዚህ ላይ ፊትና ጀርባ ሆነው ሄደዋል። ታሆ በ2021 ሞዴል ለመጀመሪያ ጊዜ የኋላ ጎማዎቹን ለየብቻቸው በሚንቀሳቀስ ሳስፔንሽን (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር አያይዞ ምቱን በሚውጠው ክፍል) ላይ አደረገ። ሴኮያ በበኩሉ ከ2008 ጀምሮ ለየብቻው የሚንቀሳቀስ ሳስፔንሽን ነበረው፤ በ2023 ግን ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ብረት ወደሚያያይዘው ድፍን አክስል ተመለሰ። ምክንያቱ ከቶዮታው ቱንድራ ፒክአፕ ጋር መሠረቱን መጋራቱ ነው፤ ሁለቱም ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ይሠራሉ። ድፍን አክስል ጠንካራ ነው፤ ጭነትና የመጎተት ሥራ ይችላል። ነገር ግን የቀኙ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ የግራውም ይሰማዋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብረቱ በሙሉ ወደ ላይ ወደ ታች የሚልበት ቦታ ይፈልጋል። ያ ቦታ የሚገኘው የመኪናውን ወለል ከፍ በማድረግ ነው። ሴኮያ አሁን የሚመጣው በሃይብሪድ፣ ማለትም በነዳጅና በኤሌክትሪክ ጥምር ኃይል ብቻ ስለሆነ ባትሪውም ከኋላ ወለሉ ሥር ተቀምጧል።

ይህን ስረዳ የተበተነው ሁሉ አንድ ላይ ተሰበሰበልኝ። ሦስተኛው ረድፍ እንደ ድሮው ከወለሉ ጋር እኩል ሆኖ የማይተኛው ለምን እንደሆነ፣ አምራቹ ከኋላ ከፍና ዝቅ የሚል መደርደሪያ የጨመረው ለምን እንደሆነ፣ ገምጋሚዎቹ «ባክኗል» ያሉት የቱን እንደሆነ ገባኝ። ታሆ ላይ ደግሞ የሦስተኛው ረድፍ የእግር ቦታ ከ63 ወደ 88.6 ሳንቲ ሜትር አድጓል። ለዚህ ብዙዎቹ ምስጋናውን ለሳስፔንሽኑ ብቻ ሰጥተዋል፤ እውነት ነው፣ ወለሉ ዝቅ በማለቱ እግር ተዘርግቶ ይቀመጣል። ግን መኪናው ራሱ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ረዝሟል። የማቆሚያ ቦታው ጠባብ የሆነበት ሰው ይህን በሜትር ለክቶ ማወቅ አለበት።

የዕቃ ቦታውን ቁጥር ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ያረመችኝ ባለቤቴ ናት። አሮጌው ሴኮያ ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ 18.9 ኪዩቢክ ጫማ ነበረው፤ አዲሱ 22.3 አለው፤ በሊትር ከ535 ወደ 631 መሆኑ ነው። «ሰፍቷል» ብዬ ነገርኳት። እሷም ጽሑፉን ተቀብላኝ እስከ መጨረሻው አነበበችና «ወንበሩ የት ቆሞ ነው የተለካው?» አለችኝ። ለካ የአዲሱ ሴኮያ ሦስተኛ ረድፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ለተቀማጩ እግር ቦታ ለመስጠት ወደ ኋላ በተገፋ ቁጥር ከጀርባው ያለው የዕቃ ቦታ ይቀንሳል። ስለዚህ ከኋላ ሰው አስቀምጠው ዕቃም የሚጭኑ ሰዎች ያንን ቁጥር እንዳለ ማመን የለባቸውም። ከፊት ረድፍ በስተቀር ሁሉም መቀመጫ ሲታጠፍ ያለውን ስፋት ስንመለከት ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ አሮጌው 3,400 ሊትር ገደማ ሲይዝ አዲሱ የሚይዘው 2,460 ነው። ታሆ በዚህ መለኪያ ወደ 3,480 ይደርሳል። እንግዲህ «ሰፍቷል» ያለውም «ጠቧል» ያለውም እውነቱን ነው፤ የተለያየ ቦታ ለክተዋል።

ነዳጁ ላይ ሴኮያ በግልጽ ይመሰገናል፤ ይገባዋልም። አሮጌው ባለ 5.7 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ሞተር በአራት ጎማ በሚነዳው ሞዴል በአንድ ጋሎን 14 ማይል ብቻ ይሄድ ነበር። አዲሱ ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት ተርቦና ኤሌክትሪክ ሞተር ይዞ 20 ይሄዳል። ብዙዎቹ ይህንን «ስድስት ማይል ብቻ» የሚመስል ቀዝቃዛ አነጋገር ነው የሰጡት። ወደ ሊትር ስለውጠው ግን ለ100 ኪሎ ሜትር ከ16.8 ወደ 11.8 ወርዷል፤ አምስት ሊትር ቀነሰ ማለት ነው። በአንዲት ትንሽ መኪና ላይ ከ30 ማይል ወደ 36 ብንጨምር የምናተርፈው 1.3 ሊትር ብቻ ነው። ስድስቱ ማይል አንድ ነው፤ ከኪስ የሚወጣው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያየሁትን ማይል በጋሎን ሁሉ ወደ ሊትር ሳልለውጥ አላነጻጽርም።

ስለ ጉልበቱ ብዙ አልልም። 437 የፈረስ ጉልበት ለሰባት ሰው ከበቂ በላይ ነው፤ እስከ 4,318 ኪሎ ግራም ይጎትታል የሚባለውም የአንድ ደረጃ ቁጥር ነው። እኛ ጀልባም ተጎታች ቤትም የለንም። ጎትተው ለሚሄዱና ሦስተኛውን ረድፍ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚጠቀሙበት ግን ሴኮያ ከልቤ የምመክረው መኪና ነው።

ውሳኔያችንን የለወጠችው ከአንድ ረጅም የታሆ ግምገማ መሀል ያገኘኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በአንዳንድ ደረጃዎች ላይ የሚገኘው የአየር ሳስፔንሽን መኪናው ሲቆም አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያደርገዋል፤ ለመግባትና ለመውጣት እንዲያመች። ገምጋሚው በአንድ መስመር አልፎታል፤ ሌሎቹ ጨርሶ አላነሱትም። ጎልማሳና ጤነኛ ሰው መኪና ውስጥ ሲገባ ጉልበቱን አያስብም። የእናቴ ጉልበት ግን ሁለት ጊዜ የተቀደደ ነው፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ማለት በእኔ ክንድ ተንጠልጥላ በመግባትና መያዣውን ይዛ በራሷ በመግባት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ያችን ዓረፍተ ነገር በቀይ አሰመርኩባት።

ከዚያ በኋላ ማንበቡን አቆምኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብኝ፣ በደብተሬ ውስጥ ባዶ የቀሩትን ቦታዎች ራሳችን ለመሙላት ቤተሰቡን በሙሉ ይዤ ወደ ታሆ መሸጫው ሄድኩ። ሜትር፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ፣ ሁለቱ የልጆች መቀመጫዎች፤ ሁሉም አብረውን ነበሩ። ሻጩ በትዕግሥት ቆሞ አየን። ከበሩ ሥር እስከ መሬት ለካሁ። ተሽከርካሪ ወንበሩን ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ በቁሙ አስገባሁት፤ የኋላ በሩ ተዘጋ፤ ከፍቼ በአግድም አስተኛሁት፤ አሁንም ተዘጋ። ልጆቹን ከኋላ አስቀምጬ የመቀመጫ ቀበቶውን መያዣ ራሳቸው እንዲያገኙት ጠየቅኋቸው፤ ትንሿ ሁለት ጊዜ ስታ በሦስተኛው አገኘችው። ትልቁ ልጄ 1 ሜትር ከ75 ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሩብ ሰዓት እንዲቀመጥ አደረግኩት፤ ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ወንበር ጀርባ አራት ጣት ያህል ይርቅ ነበር።

በመጨረሻ እናቴ ገባች። መኪናው ዝቅ አለ፣ እጇን በሩ ውስጥ ያለው መያዣ ላይ አሳረፈች፣ ቀኝ እግሯን አስቀደመችና ማንንም ሳትይዝ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። ስለ ሞተሩም ስለ ስክሪኑም የጠየቀችው የለም። አንገቷን ወደ ኋላ ለማዞር ሞከረች፤ አልሆነላትም። ፊቷን ወደ መስታወቱ መልሳ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ልጄ፣ ከኋላ ያሉት ስናገር ይሰሙኛል?» አለችኝ።

ለዚህ በደብተሬ ቦታ አልነበረም። ከኋላ ትልቁ ልጄ «እንሰማሻለን፣ እማማ» አለ።