የ143 ቀኑ አይጥ፦ ስለ ዘረመል ዳራ የሦስተኛ ወር የጥናት ማስታወሻዬ

በዘር የሚተላለፉ የነርቭ በሽታዎችን በትርፍ ጊዜዬ ማጥናት ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የዚህ ወር ትልቁ ትምህርት የመጣው ከራሴ ስሕተት ስለሆነ ከዚያው እጀምራለሁ።

ኤኤልኤስ ለተባለው፣ ጡንቻን እያሰለለ ለሚገድለው በሽታ ማጥኛ የሆኑትንና ጂ93ኤ የተባለውን የሰው ኤስኦዲ1 ዘረመል ለውጥ የተሸከሙትን አይጦች ዕድሜ ከሁለት ሰንጠረዦች ለቅሜ ነበር። በአንደኛው ሰንጠረዥ ግማሾቹ የሞቱት እስከ 129ኛው ቀን ገደማ ሲሆን፣ በሌላው እስከ 157ኛው ቀን ገደማ ነው። ዘረመሉ አንድ ከሆነ በሽታውም አንድ ነው ብዬ ሁለቱን ደምሬ ለሁለት አካፈልኩና 143 ብዬ መዘገብኩ። ኋላ የሰንጠረዦቹን ራስጌ ሳነብ፣ የመጀመሪያዎቹ የሲ57ቢኤል/6 እና የኤስጄኤል ዝርያዎች ድቅል፣ ሁለተኛዎቹ ደግሞ ሲ57ቢኤል/6ጄ ሆነው አገኘኋቸው። የእኔ 143 የየትኞቹም አይጦች ዕድሜ አልነበረም።

የዘረመል ዳራው፣ ማለትም ከተለወጠው ዘረመል ውጭ ያሉት የዝርያው ሌሎች ዘረመሎች፣ እንዴት ይህን ያህል ሊወስን እንደሚችል የገባኝ ኤስሲኤን8ኤ ስለተባለው ዘረመል ሳነብ ነው። ይህ ዘረመል ሶዲየም ወደ ነርቭ ሕዋስ የሚገባበትን በር ይሠራል። ሜድ-ጄ የተባለው ለውጥ 4 የዲኤንኤ ፊደላትን ብቻ ያጎድላል፤ ነገር ግን የጎደሉት አርኤንኤው የት እንደሚቆረጥ ከሚያመለክተው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ አብዛኛው አርኤንኤ (ከዘረመሉ የሚገለበጠው መልእክት) ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ኤክሶን፣ ማለትም በመልእክቱ ውስጥ መቅረት የነበረባቸውን ክፍሎች፣ ዘሎ ይገጣጠማል። ሲ3ኤች በተባለው ዝርያ 10 በመቶ የሚሆነው በትክክል ስለሚገጣጠም አይጡ እየተንቀጠቀጠና አካሉ እየተጣመመም ቢሆን ይኖራል። በሲ57ቢኤል/6ጄ ግን መጠኑ ወደ 5 በመቶ ስለሚወርድ ግልገሉ ሽባ ሆኖ በአንድ ወር ዕድሜው ገደማ ይሞታል። ለ20 አርኤንኤዎች 20 መስመሮች አስምሬ በትክክል የተገጣጠሙትን በቀይ ሳቀልም፣ በአንዱ ዝርያ ሁለት፣ በሌላው አንድ ቀይ መስመር ሆነ፤ ሕይወትና ሞትን የለየው ያ አንድ መስመር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሚሪያም ማይስለር የምትመራው ቡድን ምክንያቱን አሳወቀ። በመገጣጠሙ ሥራ የሚያግዘው ኤስሲኤንኤም1 የተባለው ዘረመል በሲ57ቢኤል/6ጄ (ባጭሩ 6ጄ) አይጦች ውስጥ ያለጊዜው «ቁም» የሚል ምልክት ስላለበት ፕሮቲኑ ተቆርጦ ይቀራል። እኔን የገረመኝ፣ ይህ ጉድለት ያለበት ዝርያ የአይጥ ጂኖም ሲነበብ መነጻጸሪያ ተደርጎ የተመረጠው ራሱ መሆኑ ነው።

ተመሳሳይ ነገር ድራቬ ሲንድሮም በተባለው ከባድ የልጅነት የሚጥል በሽታ ላይም ገጠመኝ። ኤስሲኤን1ኤ ከተባለው ዘረመል ሁለት ቅጂዎች አንዱ የጎደላቸው አይጦች 129 በተባለው ዝርያ ዳራ ላይ ይህ ነው የሚባል ችግር ሳይታይባቸው ይኖራሉ፤ ከ6ጄ ጋር ሲዳቀሉ የሚወለዱት ግን ይጥላቸዋል፣ ብዙዎቹም በጨቅላነታቸው ይሞታሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ የነርቭን ግለት ከሚያበርደው የጋባ ተቀባይ አንዱን ክፍል የሚሠራው ጋብራ2 ዘረመል ሲሆን፣ በ6ጄ ውስጥ አንድ ፊደል ስለጎደለው ምርቱ ቀንሷል። ተመራማሪዎች ያችን ፊደል ክሪስፐር በተባለው የዲኤንኤ ማረሚያ ዘዴ ሲመልሱ የድቅሎቹ ሕመም ቀለለ። ይህ ለውጥ የ6ጄ ብቻ ስለሆነ፣ ከአንድ ግንድ የወጡት የሲ57ቢኤል/6ኤን አይጦች የላቸውም። በዝርያ ስም መጨረሻ ያለችውን ፊደል እንደ ጌጥ እያየሁ ስዘላት መኖሬ አሳፍሮኛል።

አሁን በሰንጠረዤ ላይ ከዘረመሉ ስም ቀጥሎ የዝርያው ሙሉ ስም የሚሰፍርበት ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ «ጤናማ መነጻጸሪያ» ከሚለው ርዕሴም «ጤናማ» የሚለውን ሰርዣለሁ። 143 የተጻፈበትን ገጽ ግን አልቀደድኩትም።