የደብዳቤው ሁለተኛ ገፅ

ይሄን የምፅፈው በ2017 (በፈረንጅ) ቤታችን በጎርፍ ተበላሽቶ የመንግስት እርዳታ ሲከለክሉን ምን ማድረግ እንዳለብኝ ማንም ስላልነገረኝ ነው። ሀሪኬን ሲባል ሰው ንፋሱን ነው የሚፈራው፣ እኛን ግን ንፋሱ አልነካንም። ሀርቪ የሚባለው ሀሪኬን ኦገስት 25 ማታ የቴክሳስ ባህር ዳር ላይ ባለችው ሮክፖርት አካባቢ ካቴጎሪ 4 (ከአምስቱ ደረጃ አራተኛው) ሆኖ ገባ፣ እኛ ደቡብ ምዕራብ ሂውስተን ነን፣ ሩቅ ነው ብለን ውሀ ገዝተን እንጀራ ጋግረን ቁጭ አልን። ዝናቡ ግን አልሄድም ብሎ ለቀናት እላያችን ላይ ቆመ፣ ኔደርላንድ የምትባል የቴክሳስ ከተማ ላይ ብቻ ከ60 ኢንች በላይ ነው የጣለው፣ አንድ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ከንቲባው ከቤት አትውጡ ብለው ነበር፣ በ2005 ሪታ በሚባለው ሀሪኬን ጊዜ ከተማው በሙሉ ሲሸሽ መንገድ ላይ ስንቱ ስላለቀ። በዚህ አልወቅሳቸውም።

እሁድ ንጋት ላይ፣ በኛ ነሐሴ 21 መሆኑ ነው፣ ብሬስ ባዩ የሚባለው ወንዝ ሞልቶ ውሀው በበሩ ስር ገባ። ልጆቹን የኩሽና ካውንተር ላይ አወጣናቸው፣ 911 ብንደውል ብንደውል አይነሳም፣ ከሰአት በኋላ የማናውቀው ሰውዬ በራሱ የአሳ ማጥመጃ ጀልባ መጥቶ አወጣን። ስሙን አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል። ሁለት ሌሊት ጆርጅ ብራውን አዳራሽ አደርን፣ ከዛ ወንድሜ ጋ ሄድን።

ቤት ማፅዳቱን ሁሉም ይነግራችኋል፣ ከመጣላችሁ በፊት እያንዳንዱን ነገር ፎቶ አንሱ፣ ሺትሮኩን (የግድግዳውን የጂፕሰም ቦርድ) ከውሀው መስመር በላይ ቆርጣችሁ አውጡ፣ እንጨቱ ሳይደርቅ ግድግዳ አትዝጉ፣ በቃ። እንቁጣጣሽን ያሳለፍነው በራችን ላይ በተከመረው ፍራሽና ሶፋ አጠገብ ነው፣ የሰርግ አልበማችንም እዛ ክምር ውስጥ ነበር።

ኢንሹራንስ ላይ ግን የምለው አለኝ። የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይከፍልም፣ የጎርፉ ለብቻው ነው የሚገዛው። ቤቱን ስንገዛ የጎርፍ ካርታው ላይ አደገኛ ዞን ውስጥ አይደላችሁም፣ ግዴታ የለባችሁም ተባልን፣ እኛም ደስ ብሎን ተውነው። ሂውስተን የምትኖሩ ካርታውን አትመኑ፣ ግዴታ የለም ቢሏችሁም ግዙ። ስራ የሚጀምረው ደግሞ ከገዛችሁ ከ30 ቀን በኋላ ነው፣ የሀሪኬኑ ወቅት ጁን 1 ስለሚገባ ከሜይ በፊት ጨርሱት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኢንሹራንስ ስለሌለን የቀረን የመንግስት የአደጋ እርዳታ ነበር። ባለቤቴ በስልክ በሱ ስም አመለከተ፣ እኔ ደግሞ በዛው ሌሊት ሁለት ከሆነ አንዱ አይቀርም ብዬ በኢንተርኔት በራሴ ስም አመለከትኩ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ማመልከቻ ብቻ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኛ ሀገር ደግሞ ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፣ እኔ በአባቴ እሱ በአባቱ፣ ስለዚ ለነሱ በአንድ አድራሻ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ካሳ የጠየቁ ነው የሚመስለው። የቤቱ ወረቀት በኔ ስም፣ የመብራቱ ቢል በሱ ስም፣ መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው የአባቴ ስም ስፔሊንግ ደግሞ ከቤቱ ወረቀት በአንድ ፊደል ይለያል። አንድ ፊደል!

ኢንስፔክተሩ መጣ፣ አስራ አምስት ደቂቃ ዞር ዞር ብሎ ሄደ፣ ስለ ስማችን አንድ ቃል አልጠየቀንም። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያው ገፅ ላይ ብቁ አይደለሽም ይላል። እኔ ያደኩት መንግስት አይሆንም ካለ አይሆንም ነው ተብሎ በሚታመንበት ቤት ነው፣ ቢሮ ሄዶ የተከራከረ ሰው ነገር እንደሚያመጣ ነው የማውቀው፣ ስለዚ አለቀስኩና ኪችን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለባለቤቴም ከለከሉን ብቻ ነው ያልኩት፣ ደብዳቤውን አላሳየሁትም።

ጃንዋሪ ላይ ሜክሲኳዊቷ ጎረቤቴ አዲስ ወለል እያስገባች ገንዘቡን ከየት አመጣሽው አልኳት፣ እሷም እንደኔው ተከልክላ የጎደለውን ወረቀት ልካ እንደከፈሏት ነገረችኝ። ሮጬ መሳቢያውን ከፈትኩት። ሁለተኛው ገፅ ላይ በደቃቅ ፅሁፍ የማንነትና የባለቤትነት ማስረጃ ይጎድላል፣ በ60 ቀን ውስጥ አፒል ማድረግ (ይግባኝ ማለት) ትችያለሽ ይላል። 60ው ቀን ካለፈ ቆይቷል። ደወልኩ፣ አንዱ ዘግይተሽም ቢሆን ምክንያትሽን ፅፈሽ ላኪ አለኝ፣ ፃፍኩ፣ ሌላኛዋ አልደረሰንም አለችኝ፣ ደግሜ ላኩ፣ በመጨረሻ ጊዜው አልፏል የሚል ባለ ሁለት መስመር መልስ መጣ። ሲከለክሉኝ ለምን ያንን ምክንያት የመጀመሪያው ገፅ ላይ በትልቁ እንደማይፅፉት እስከዛሬ አይገባኝም፣ ያናድደኛል። ራሴን ግን ከነሱ በላይ ነው ይቅር ያላልኩት። ቤቱን የሰራነው በብድር ነው፣ አሁንም እየከፈልን ነው።

ባል እና ሚስት የሆናችሁ አንዳችሁ ብቻ አመልክቱ፣ የቤቱ ወረቀት ላይ ስሙ ያለው ሰው። የጋብቻ ወረቀታችሁን አስተርጉማችሁ አስቀምጡ፣ ስፔሊንጉን ዛሬውኑ አስተካክሉ፣ ፀሀይ እያለ።

በ2024 ጁላይ ቤሪል የሚባል ሀሪኬን መጥቶ ከተማው ጨለማ ከሆነ በኋላ ከቤተክርስቲያን የማውቃት ልጅ ደወለችልኝ፣ "እትዬ፣ እኛንም ከለከሉን" አለችኝ እያለቀሰች።

"ደብዳቤውን ገልብጪውና ሁለተኛውን ገፅ አንብቢልኝ" አልኳት።

ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። "የባለቤትነት ማስረጃ ይላል" አለች።

"ያሉሽን ወረቀቶች በሙሉ ይዘሽ አሁኑኑ ነይ" አልኳት።