ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያውን ሴሚስተር የጨረሰ ሰው ምን ተለወጠ ቢባል፣ ቤተሰብ ውጤቱን ይጠይቃል፣ ጎረቤት ክሳቱን ያያል። እኔ ራሴን ለመታዘብ ፋታ ያገኘሁት በመልስ ጉዞ ላይ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በወላይታ ሶዶ፣ በሆሳዕናና በቡታጅራ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። አውቶቡስ ውስጥ መጽሐፍ ማንበብ ሆዴን ስለሚያገላብጠው፣ ኔትወርኩም እየመጣ እየሄደ ስለሚያስቸግር፣ ከመስኮቱ ውጭ ከማየትና ከማሰብ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ወደ ደቡብ ስወርድ ይህን መንገድ አላየሁትም ማለት ይቻላል። ያኔ ተራራው ሁሉ ተራራ፣ ወንዙ ሁሉ ወንዝ ነበር። አሁን ግን የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የሚባለውን የጋራ ትምህርት ተፈትኜ ወጥቻለሁና ገና ከከተማዋ ሳንርቅ አንገቴ ማረፊያ አጣ። በግራ የጉጌ ተራሮች፣ በቀኝ የአባያ ሐይቅ፣ በመካከል በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የሚሮጠው አውቶቡሳችን። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከጉጌ ላይ ቁልቁል የምታያት ጨንቻ ደግሞ ከእሷ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ሴሚስተሩን ሙሉ በሙቀት እየተቃጠልኩ ያጠናሁት፣ ቀና ብዬ ላየው በምችለው ተራራ ላይ ሰዎች ወፍራም ልብስ ደርበው በሚያድሩበት ቦታ ግርጌ ነበር። ይህን ለፈተና ጽፌዋለሁ፤ ትርጉም የሰጠኝ ግን አሁን፣ ከመስኮቱ ሳየው ነው።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በቀጥታ የትምህርት ክፍል አይገባም። መጀመሪያ ለሁሉም የሚሰጡትን የጋራ ትምህርቶች፣ ማለትም ሒሳብ፣ ሥነ ልቦና፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊ፣ አመክንዮና የመሳሰሉትን ይወስዳል። ብዙ ጓደኞቼ ይህን ጊዜ ማባከኛ ነው ይሉታል። እኔም ምዝገባው ሰሞን እንደዚያው እል ነበር፤ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ በተቋቋመ ግቢ ውስጥ ገብቶ ስለ ውሃ አንድ ቃል ሳይማሩ መክረም ግራ ያጋባል። አሁን በሌላ ምክንያት እደግፈዋለሁ።

ምክንያቱን ለማስረዳት ከኋላ መጀመር አለብኝ። እኛ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ልጆች ነን። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት ዓመት፣ በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ውጤት፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተፈተንን ሁሉ ያ ቁጥር ከጭንቅላታችን በላይ ተንጠልጥሎ ነው ያጠናነው። ያለፈ ሰው ደረቱ ትንሽ ይነፋል፤ የእኔም ተነፍቶ ነበር። ነገር ግን ያ ፈተና ሲያሳድገን አንድ ጠባይ ሰጥቶናል፦ ማንኛውም ጥያቄ መልሱን ከሥሩ ይዞ ይመጣል። አራት አማራጮች አሉ፣ አንዱ ትክክል ነው፣ ሥራችን ሦስቱን መጣል ነው። ዓመታት ሙሉ እንዲህ የሰለጠነ አእምሮ፣ ምርጫ የሌለው ጥያቄ ሲቀርብለት ዝም ይላል። አላዋቂነት አይደለም ዝም የሚያሰኘው፤ ከየት እንደሚጀመር አለማወቅ ነው።

የአመክንዮ መምህራችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሰጡን የቤት ሥራ ቃል በቃል አሁንም ይታየኛል፦ በገዛ ጆሯችሁ የሰማችሁትን አንድ ክርክር ጽፋችሁ መነሻ ሐሳቡንና መደምደሚያውን ለዩ። ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከማስታወሻ አይደለም። ባዶ ወረቀት ፊት ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

ክርክሩ ግን ከአፍንጫዬ ሥር ነበር። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን፣ ከስድስት አቅጣጫ የመጣን፤ የምንጣላበትም ነገር አንድ ብቻ ነበር፣ መብራት። አንዷ እስከ እኩለ ሌሊት ካላነበበች የሚገባት ነገር የለም። አንዷ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ዓይኗ አይገለጥም። አንዷ ጎህ ሳይቀድ ለጸሎት ትነሳለች። ሌሎቹ እንደ ዕለቱ ሁኔታ ወገን ይቀይራሉ። እኔ ምንም አልልም ነበር፤ ብርድ ልብሴን ፊቴ ላይ ስቤ ላብ በላብ ሆኜ እተኛለሁ። ያን ምሽት ብዕሬን ይዤ ክርክሩን ስጽፍ ግን ቆይቼ መሳቅ ጀመርኩ። «ባለፈው ዓመት እዚህ ክፍል የነበሩት በአራት ሰዓት ነበር የሚያጠፉት» የሚለው ከልማድ የተወሰደ ማስረጃ፣ «ማንበብ የማይፈልግ ለምን ዩኒቨርሲቲ መጣ?» የሚለው ከጉዳዩ ይልቅ ሰውዬውን መምታት፣ ሁሉም በማስታወሻችን ላይ በስም በስሙ ተዘርዝሮ ነበር። ወረቀቱን ለሁሉም አነበብኩላቸው። ከዚያ በኋላ ሳላስበው «እኔ ደግሞ መብራት እየበራ መተኛት አልችልም፤ እስካሁን አልተናገርኩም እንጂ» አልኩ።

ሐቁን ለመናገር ጭቅጭቁን የፈታው አመክንዮ አይደለም። የምታነበዋ ልጅ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ስታመጣ ነው ሰላም የወረደው። ለእኔ ግን የሴሚስተሩ ትልቁ ክስተት ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነች፤ ማንም አማራጭ ሳያቀርብልኝ የምፈልገውን ራሴ ቃል ፈልጌለት ተናገርኩ። በውጤት ካርድ ላይ አይጻፍም።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ምዕራብ አባያ ላይ ከሙዝ ማሳዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ተማሪ ነሽ ልጄ?»

«አዎ አባቴ። አርባ ምንጭ ነው የምማረው።»

«ምን ትማሪያለሽ?»

«ገና አልተመደብኩም። የትምህርት ክፍል የምንመርጠው ወደፊት ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትማሪ ከረምሽ?»

ጥያቄው የብዙ ዘመዶቼ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን አጥንቼዋለሁ። ስለ ስምጥ ሸለቆ ነገርኳቸው፤ የምንሄድበት ምድር ቀስ በቀስ እየተከፈለ መሆኑን፣ ምሥራቁና ምዕራቡ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊሜትር እንደሚራራቁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ በከዘራቸው ጫፍ ወደ አባያ አመለከቱ።

«ይህ ውሃ ለምን እንደቀላ ነግረዋችኋል?»

ይህንንማ አውቀዋለሁ። «ደለል ነው አባቴ» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«የማን ደለል?»

ዝም አልኩ። ከአራቱ አንዱን የምመርጥበት ጥያቄ አልነበረም። ሳቅ ብለው ወደ ተራሮቹ ዞሩ። ያ ቀለም የሰው ማሳ ነው አሉኝ፤ ላይ የሚታረሰው ቁልቁለት እርከን ካልተሠራለት ክረምት በገባ ቁጥር አፈሩ በወንዝ ተጭኖ ይወርዳል፤ ላይ ያለው ገበሬ መሬቱ ይሳሳበታል፣ ታች ያለው አሣ አጥማጅ ውሃው ይደፈርስበታል፣ ሁለቱም አይተዋወቁም። እኔ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ «በውሃ ውስጥ የተንሳፈፈ ደለል» የሚለውን አስምሬበት አልፌ ነበር። ባለቤት እንዳለው አላሰብኩም።

ባለፈው ዓመት ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ አፍሬ ወደ መስኮቱ እዞር ነበር። በዚህ ጉዞ ግን ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና ወንዞቹን ስም በስም ጠየቅኳቸው። ሐሬ፣ ብላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላና እያሉ ቆጠሩልኝ። አንዳንዱን ደግሜ አስጠራኋቸው። የማያውቁትን አላውቅም አሉ፤ ይህም ደስ አለኝ፤ ሽማግሌ ሲለው ቀላል ይመስላል።

ሁምቦ ስንቃረብ በራሳቸው ጉዳይ ተናገሩ። ከመንገዱ ባሻገር በደን የተሸፈነውን ተራራ አሳዩኝና «እኔ ከዚያ ተራራ ከብቶቻችንን አውጡ ሲባል ከተቃወሙት አንዱ ነበርኩ» አሉ። መሬታችንን ሊወስዱብን ነው ብለው ፈርተው ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 በወርልድ ቪዥን ድጋፍ የተጀመረ፣ 2,728 ሄክታር የሚሸፍንና በአፍሪካ በካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም ደኑ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን ገንዘብ በመቀበል ከታወቁት ቀደምት የደን ሥራዎች አንዱ እንደሆነ ስሙን ሰምቼ ነበር። እንዴት እንደተሠራ ግን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። በአብዛኛው ችግኝ አልተተከለም። ተራራው ለዓይን ተመልጦ ነበር እንጂ የተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር ከአፈሩ በታች አልሞቱም። በየዓመቱ ያቆጠቁጣሉ፤ በየዓመቱም ከብት ይግጣቸዋል፣ ሰው ለማገዶ ይቆርጣቸዋል። አካባቢው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተከለለ፣ ከየጉቶው ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካራዎቹ ተመርጠው ሌሎቹ ተመለመሉ፣ ዛፉም በነባሩ ሥር ላይ ቶሎ አደገ። ሥራውን የያዙት የገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው።

ይህን ታሪክ የሰማ የአነቃቂ ንግግር ወዳጅ ሁሉ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ «በውስጥሽ ያለው ሥር» ምናምን ይላል። አልቀበለውም። ተራራው ተራራ ነው። ከብት አውጥቶ ለዓመታት መጠበቅ የከበደው ለዚያ ገበሬ ነበር፤ ድካሙን ለእኔ የመጀመሪያ ሴሚስተር ማስዋቢያ ማድረግ አይገባም። የገረመኝ ሌላ ነው፦ ሽማግሌው «ተቃውሜ ነበር፤ በኋላ ግን አይቼ ሐሳቤን ለወጥኩ» ሲሉ ድምፃቸው ምንም አልተለወጠም። ሐሳብን መለወጥ እንደ ሽንፈት በሚቆጠርበት ክፍል ውስጥ ከርሜ የመጣሁ ነኝና ይህ ከየትኛውም ትምህርት በላይ ቆየብኝ። ጠበላ ላይ «በርቺ ልጄ፣ የማን እንደሆነ ጠይቂ» ብለው ወረዱ።

ከሶዶ በኋላ መንገዱ ከፍታውን ይይዛል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። እስከ ሆሳዕና የተናገርኩት ቃል የለም። አዲሱ ጎረቤቴ ገና ሳይቀመጥ የተኛ ወጣት ስለነበር እኔም ያልተለወጡብኝን ነገሮች ለመቁጠር ጊዜ አገኘሁ፤ ጥቂቶች አይደሉም። አሁንም ፈተና ሲቃረብ ነው የማጠናው። አሁንም ቤት ስደውል ሁሉ ሰላም ነው እላለሁ፣ ሰላም ባይሆንም። በእንግሊዝኛ ክፍል እጄን ለማውጣት አሁንም ልቤ ይመታል፤ ልዩነቱ እየመታም ማውጣቴ ነው። ሰዎች ከዩኒቨርሲቲ ሌላ ሰው ሆኖ መመለስን ይጠብቃሉ፤ እኔ ያው ነኝ፣ ጥያቄዬ በርከት አለ እንጂ።

ከወራቤ እስከ ቡታጅራ የጉራጌ ተራሮች በግራ፣ ወደ ዝዋይ አቅጣጫ የሚንጣለለው የሸለቆው ሜዳ በቀኝ ነው። ያስተማሩን ካርታ ላይ በቀይ መስመር የተሰመረውን ጠርዝ በጎማ እየረገጥኩት እንደሆነ ሲገባኝ የተኛውን ወጣት ልቀሰቅሰው ምንም አልቀረኝም። ተውኩት። ጢያ ላይ ደግሞ ትክል ድንጋዮቹን በመስኮት ፈለግኳቸው፤ ቦታው ከአውራ ጎዳናው ጥቂት ገባ ስለሚል አላየኋቸውም። 36 ድንጋዮች ናቸው፣ 32ቱ የተቀረጹ፣ ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እዚያ ለመውረድና ለማየት ሌላ ቀን እንደምመጣ በደብተሬ ጻፍኩ። ከዚያ አዋሽን ተሻገርን። የጥንት ሰው አሻራ የተገኘባት መልካ ቁንጡሬ ያለችው እዚሁ ወንዝ ዳር ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. እሷም ከባልጪት ጋር የዓለም ቅርስ ሆናለች። አንድ መንገድ ላይ ይህ ሁሉ አለ፤ እኔ ስወርድ ተኝቼ ነበር የመጣሁት።

ዓለም ገና ላይ የመኪናው ሰልፍ ያዘን፤ ስልኩም ነፍስ ዘራ። የክፍላችን የቴሌግራም ቡድን በመልእክት ተጥለቅልቋል፤ የጂኦግራፊ ውጤት ተለጥፏል። አንዱ አለቀሰ፣ አንዱ ጨፈረ፣ አንዱ «ዳግም ይታረምልኝ» የሚል ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ይጠይቃል። የእኔን አየሁት፤ ከጠበቅኩት ትንሽ ዝቅ ይላል። ቅር አለኝ፤ እስከ ሰበታ መታጠፊያው ድረስም ቅር እንዳለኝ ነበር። ከዚያ ደብተሬን ገለጥኩና ከወንዞቹ ስም በታች እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሐይቅ ውስጥ የገባ አፈር ከየትኛው ተፋሰስ፣ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ በምን ይለያል? ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር መጀመሪያ የማንኳኳው የጂኦግራፊ መምህራችንን ቢሮ ነው፣ ውጤታቸውን ሊያስታርሙ የሚመጡት ቀድመውኝ በሩን ካልያዙት።