ወንድምህን ጻፈው

ሥራሽ ምንድነው ሲሉኝ ፖሊስ ጋ ነው እላለሁ። ወዲያው ሰው ዩኒፎርም ያስባል። ዩኒፎርም የለኝም። እንግሊዝ አገር በአንድ የፖሊስ አገልግሎት ውስጥ ቬቲንግ የሚባለው ክፍል ነው የምሠራው። ፖሊስ ልሁን ብሎ ያመለከተውን፣ ቢሮ የሚቀጠረውን፣ ጣቢያ ገብቶ የሚያጸዳውንና ቧንቧ የሚጠግነውን ሳይቀር የኋላ ታሪኩን የምናጣራው እኛ ነን። አገር ቤት ቢሆን ተያዥ አምጣ፣ አሻራ ስጥና ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ይዘህ ና ይባላል። እዚህ ተያዥ የሚባል ነገር የለም። ሰውየው ስለራሱና ስለቤተሰቡ የሞላው ፎርም አለ፣ ፖሊስ የያዘው መዝገብ አለ፣ ሁለቱን እያስተያየሁ የማነብ እኔ አለሁ።

ፎርሙ ረጅም ነው። እናት፣ አባት፣ የእንጀራ አባት፣ ወንድም፣ እህት፣ ባል ወይም ሚስት፣ አማት፣ አብሮ የሚኖር ሰው፣ ሁሉም በስም፣ በትውልድ ቀንና በአድራሻ ይጻፋል። ዕዳ ይጻፋል። ከዚህ በፊት የኖሩበት ቤት ይጻፋል። ከዚያ እኛ ስሞቹን ሁለት ቦታ እንፈልጋለን። ፖሊስ ናሽናል ኮምፒውተር የተፈረደበትን፣ ማስጠንቀቂያ የተሰጠውንና የተከሰሰውን ያሳያል። ፖሊስ ናሽናል ዳታቤዝ ደግሞ ፍርድ ቤት ያልደረሰውን ሁሉ ይይዛል፤ ጎረቤት ደውሎ ያሳወቀውን፣ ሚስት አመልክታ የተወችውን፣ ፖሊስ ጠርጥሮ የጻፈውን። ለብዙ ሥራ የቆየ ፍርድ እንደሌለ ይቆጠራል፤ እዚህ አገር በ1974 የወጣ ሕግ ይሸፍነዋል። ለፖሊስ አይሸፍንም። በ14 ዓመትህ ከሱቅ ጫማ ስትሰርቅ ተይዘህ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶህ ከሆነ እሱም ይጻፋል።

አብዛኛው ሰው ምንም የለበትም፣ ያልፋል። የሚከብደኝ ያልተፈረደበት ነገር ያለበት ሰው ነው። ለምሳሌ ሦስት ሴቶች፣ በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ከተማ፣ ፖሊስ የጠሩበት ሰው አለ እንበል፤ ሦስቱም በክሱ አልገፉበትም። ለፍርድ ቤት ይህ ሰው ንጹሕ ነው። እኔ የምጠየቀው ግን ሌላ ነው። ለዚህ ሰው የማንንም በር በሌሊት አንኳኩቶ መግባት የሚያስችል መታወቂያ ይሰጠው ወይ ነው ጥያቄው።

ይህን ሥራ ወረቀት ማገላበጥ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ 2021ን ያስታውስ። ማርች ላይ ሳራ ኤቨራርድ የምትባል የ33 ዓመት ሴት ደቡብ ለንደን ውስጥ ከጓደኛዋ ቤት ወደ ቤቷ በእግሯ ስትሄድ አንድ የፖሊስ አባል መታወቂያውን ተጠቅሞ፣ በካቴና አስሮ ወሰዳት። ገደላት። ዌይን ከዘንስ ይባላል። በኋላ፣ በ2024 ፌብሩዋሪ የወጣውን፣ የእሱን ጉዳይ እንዲመረምሩ መንግሥት የሾማቸውን የሌዲ አንጆሊኒን ሪፖርት ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በ2011 የኑክሌር ተቋማትን የሚጠብቀው ፖሊስ ሲቀጥረው፣ ያጣራለት ሌላ የፖሊስ ክፍል የገንዘብ ችግሩን አይቶ አይለፍ ብሎ ነበር። ቀጣሪው ግን ቀጠረው። እዚያ ሪፖርት ውስጥ ስሙ የሌለ፣ እንደ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፋይል ያነበበ ሰው አለ ማለት ነው፤ በትክክል አንብቧል፣ በትክክል ጽፏል፣ የጻፈው ግን ሰሚ አላገኘም። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እበሳጫለሁ።

ዴቪድ ካሪክም አለ። የለንደኑን ሜትሮፖሊታን ፖሊስ የተቀላቀለው በ2001 ነው፣ በ2017 እንደገና ተጣርቶ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ስሙ በተደጋጋሚ ፖሊስ ጋ ደርሷል፣ ቅጣት ግን አላገኘውም። ሴቶችን በመድፈርና በሌሎች ጥቃቶች የቀረቡበትን 49 ክሶች አምኖ በ2023 መጀመሪያ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ከነዚህ ሴቶች መካከል ፖሊስ ስለሆነ አምናው የቀረበችው አለች። እኛ አጣርተነዋል ብለን የሰጠነው ስም ነው ያሳመናት።

በዚያው ሰሞን፣ በ2022 ኖቬምበር፣ ፖሊስን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት 725 የቬቲንግ ፋይል አንብቦ በ131ዱ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ቢያንስ አጠያያቂ ነው ብሎ ጻፈ። ጊዜው ደግሞ መንግሥት እስከ 2023 ማርች 20,000 ተጨማሪ ፖሊስ ይቀጠር ብሎ ሁሉም የሚሯሯጥበት ነበር። ጥድፊያ ለዚህ ሥራ መርዝ ነው። አንድ ፋይል ግማሽ ቀን ሊፈልግ ይችላል፤ ቶሎ ቶሎ በሉ ሲባል የሚቀረው ያ ግማሽ ቀን ነው፣ አደጋው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ በሥራ ላይ ያሉትን ሁሉ፣ ከ300 ሺህ በላይ ሰው፣ ዳታቤዙ ላይ እንደገና አመሳክሩ ተባለ። 461 ጉዳይ ተጨማሪ ውሳኔ ያስፈልገዋል ተብሎ ወጣ። ከብዛቱ አንፃር ትንሽ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ትንሽ አልለውም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፣ ይህን ለመጻፍ የተነሳሁትም ለዚህ ነው። የእኛ ልጆች ፖሊስ ለመሆን ሲያመለክቱ ደስ ይለኛል። ግን የእኛ ፋይል ይከብዳል፤ የሚከብደውም ብዙ ጊዜ በጥፋት አይደለም።

ስማችንን እንውሰድ። የቤተሰብ ስም የለንም። ሁለት ወንድማማቾች አሉ እንበል፣ አባታቸው ተስፋዬ፣ አያታቸው ገብረማርያም። አንደኛው በፓስፖርት መጣና ወረቀቱ ላይ የአያቱ ስም የመጨረሻ ሆኖ ተጻፈ፣ ስለዚህ እዚህ አገር ሚስተር ገብረማርያም ነው። ታናሹ በሊቢያና በባሕር አቋርጦ መጣ፣ ስሙን የጻፈለት አስተርጓሚ ነው፣ እሱ ሚስተር ተስፋዬ ሆነ። እናታቸው ደግሞ በራሷ አባት ስም ትጠራለች። ባልደረባዬ ይህን ሲያይ ሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች ያያል። አጻጻፉም አለ፤ ፀሐይን በቲ የሚጀምራት አለ፣ በኤስ የሚጀምራት አለ፣ መዝገቡ ደግሞ የተጻፈለትን ነው የሚያውቀው።

ቀኑም እንደዚሁ። ልጁ መስከረም 5 ቀን 1984 ነው የተወለደው። ወደ ፈረንጅ ሲመለስ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1991 ይሆናል። አንድ ወረቀት ላይ ተመልሶ ተጽፏል፣ ሌላው ላይ ዓመቱ ሳይመለስ 1984 ተብሎ ቀርቷል፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ስደተኛ ሆኖ ሲመዘገብ ቀኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ስላልነበረው ጃንዋሪ 1 ተሰጥቶታል። ሦስት የትውልድ ቀን ያለው ሰው እዚህ አገር ዓይን ውስጥ ይገባል። እኔ ግን ገና ሳየው ይገባኛል፣ ወረቀት ላይ አስልቼ ለአለቃዬ አሳያለሁ። እንደ እኔ የሚያሰላ ሰው የሌለበት ክፍል ግን ብዙ ነው።

ዕቁብም አለ። የገንዘብ ሁኔታ የሚታየው ድህነት ወንጀል ስለሆነ አይደለም፤ ዕዳ ያስጨነቀው ሰው መረጃ ሊሸጥ ይችላል ተብሎ ነው። ከፍ ላለ ደረጃ ሲሆን ደግሞ በዝርዝር ይጠየቃል። አሥር ሆነው በየወሩ 500 ፓውንድ የሚጥሉ ሰዎች፣ ተራው የደረሰው 5,000 ፓውንድ ባንድ ቀን ሒሳቡ ውስጥ ይገባለታል። ዕቁብ ለማያውቅ ሰው ይህ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ብር ነው። ብትጽፈው ግን ሁለት መስመር ነው የሚፈጀው፣ ማነው የሚሰበስበው፣ ስንት ሰው አለበት፣ በወር ስንት ትጥላለህ።

ይህ ሁሉ ግን በማብራሪያ ያልቃል። በማብራሪያ የማያልቀው መደበቅ ነው። የቤተሰብ ገመና ይሸፈናል ተብለን ነው ያደግነው፣ እኔም እንደዚያ ነው ያደግሁት፣ እናቴ ያስተማረችኝን ነገር መጥፎ ነው አልልም። ግን እዚህ ፎርም ላይ ገመና መሸፈን የወጣቱን ሕይወት ሲያበላሽ አያለሁ። ታስሮ የወጣ ወንድም አለ፣ አይጻፍም። ከእናት ጋር የማይነጋገር አባት አለ፣ ሰክሮ ሲነዳ ተይዟል፣ አይጻፍም። እኛ ደግሞ እናገኘዋለን። ያን ጊዜ ጥያቄው ስለ ወንድሙ መሆኑ ያበቃል፤ ይህ ልጅ እኛን ለምን ዋሸን ወደሚለው ይዞራል። ለዚያኛው ጥሩ መልስ ይዞ የመጣ ሰው አላየሁም።

ወንድም ጥፋተኛ መሆኑ ብቻውን አያስጥልም። ሕጉ የሚለው እያንዳንዱን ለየብቻ አይታችሁ ወስኑ ነው። ጥፋቱ ምንድነው፣ መቼ ነው፣ አመልካቹ ያውቅ ነበር ወይ፣ ወንድሙ ሊጫነው ይችላል ወይ፣ አብረው ነው የሚኖሩት፣ ካለፈስ ወንድሙ ከሚኖርበት ሰፈር ራቅ አድርጎ መመደብ ይቻላል ወይ። እምቢ ከተባለም ይግባኝ አለው። በተለይ ጥቁሮች በብዛት የሚወድቁበት ምክንያት ምንድነው የሚለውን ክፍሎቹ እየመዘገቡ መከታተል አለባቸው፣ በዚህ ላይ እኔ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ዝም አልልም።

የሚደውሉልኝም አሉ። ባለፈው አንዲት የማከብራቸው እናት ደወሉ። «ልጄ፣ ሽማግሌ ሊልክ የሚፈልግ ልጅ አለ፣ አንዴ ስሙን መታ መታ አድርጊልኝ» አሉኝ። «እማማ፣ ይህን ካደረግሁ ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም፣ ወንጀል ነው፣ እከሰሳለሁ» አልኳቸው። እውነት ነው፣ ያለ ሥራ ምክንያት አንድ ስም መፈለግ ያስቀጣል፣ ማን መቼ ምን እንደፈለገ ሁሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ግን ባዶ እጃቸውን አልሸኘኋቸውም። ክሌርስ ሎው የሚባል አለ፣ ከ2014 ጀምሮ በመላው እንግሊዝና ዌልስ የሚሠራ፤ ክሌር ዉድ የምትባል ሴት በ2009 የቀድሞ ጓደኛዋ ከገደላት በኋላ የመጣ ነው። ልጅቷ ራሷ፣ ወይም ለእሷ የሰጋ ሰው፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ይህ ሰው ከዚህ በፊት ሴት መትቶ ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ይችላል። የሚያሰጋ ነገር ከተገኘ ለልጅቷ ይነገራታል። ይህን እህትም እናትም ይወቀው።

እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ጠበል ጻዲቅ እየተቀመሰ አንድ ልጅ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ፖሊስ ሊሆን ነው፣ ፎርሙ ስልኩ ላይ ተከፍቷል። «እህቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ሁለት ዓመት ታስሮ ነበር፣ አሁን ጥሩ ሆኗል፣ ልጅ ወልዷል፣ ካልጻፍኩት ያገኙታል እንዴ?» አለኝ። ያገኙታል አልኩት። ባያገኙትም ጻፈው አልኩት። ስሙን እዚህ አገር በተመዘገበበት በሁሉም አጻጻፍ ጻፈው፣ የተወለደበትን ቀን ወረቀቱ ላይ ባለው ጻፍ፣ በእኛ አቆጣጠር የቀረም ካለ ጨምርበት፣ መቼ እንደታሰረና መቼ እንደወጣ፣ በወር ስንቴ እንደምትገናኙ ጻፍ፣ ወንድሜን እወደዋለሁ ማለትም ትችላለህ፣ ማንም አይቀጣህም። ስልኩን ለእኔ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር፣ አንተው ሙላው ብዬ መለስኩለት። እናቱ ከሩቅ እያዩን ነበር፣ ምን እንደምናወራ የገባቸው ይመስለኛል።

ሰኞ ጠዋት ለአለቃዬ ኢሜይል ላክሁ። ይህን ልጅ አውቀዋለሁ፣ ስለ ማመልከቻው አነጋግሮኛል፣ ፋይሉ ወደ እኛ ከመጣ ለእኔ አይሰጥ አልኩ፣ ከአያቱ ስም ጋር ሙሉ ስሙን ጻፍኩ።