ሆድ የሚያላላ ስጪኝ

አራት ኪሎ አካባቢ ፋርማሲ ነው የምሠራው። የሆድ ድርቀት ያስቸገረውን ሰው ገና ሲገባ አውቀዋለሁ። ተራው ደርሶ እንኳ ሌላውን ያሳልፋል፣ ቤቱ ጭር ሲል ጎንበስ ብሎ "እህቴ፣ ሆድ የሚያላላ ስጪኝ" ይላል። የለመደው ደግሞ ቢሳኮዲል የሚባለውን የሚያላላ ኪኒን በስሙ ይጠራዋል።

በየቀኑ ሽንት ቤት ያልሄደ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። በቀን 3 ጊዜም ይሁን በሳምንት 3 ጊዜ፣ ሳይቸገር ከሄደ ጤነኛ ነው። ድርቀቱ ሥር ሰደደ የሚባለው በሳምንት ከ3 ጊዜ ሲያንስ፣ ወይም ሲያስምጥ፣ እንደ ፍየል በጠጥ ሲደርቅ፣ ወጥቶም ያላለቀ ሲመስል፣ ይሄም ለወራት ሲቆይ ነው።

እኔ ታዲያ ስለ ምግብ ከመጠየቄ በፊት ስለ ሌላ መድኃኒት እጠይቃለሁ። በቀደም አንዲት እናት "እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት አለ?" ስላቸው "ምንም የለ ልጄ" አሉኝ። ፌስታላቸውን ሲፈቱት ግን ለጉልበታቸው ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ፣ ለደም ማነስ የብረት ኪኒን። ሁለቱም ያደርቃሉ! አንዳንድ የግፊት መድኃኒትም እንደዛው። በራስዎ እንዳያቆሙ፣ ላዘዘልዎት ሐኪም ይንገሩት ብዬ ሸኘኋቸው።

ሌላው ጣጣ ሰገራ መጥቶ ሳለ ማቆየት ነው፣ የመሃል ከተማ ሰው ደግሞ ተክኖበታል። ጠዋት በጥድፊያ ለታክሲ ሰልፍ ይወጣል፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ወይ ውሃ የለም ወይ የሽንት ቤቱ ቁልፍ አንድ ሰው ጋ ነው፣ እሱን "ቁልፉን ስጠኝ" ከማለት እስከ ማታ መቻል ይመርጣል። አንጀት ግን አይጠብቅም፣ ውሃውን መምጠጡን ይቀጥላል፣ ስሜቱም ቀስ በቀስ ይጠፋል። ምግብ ሆድ ሲገባ ትልቁ አንጀት ይነቃቃል፣ ቡናም ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ትንሽ ቀደም ብሎ ተነስቶ፣ ከቁርስ በኋላ ሳይቻኮሉ መቀመጥ ነው። መቀመጫው ረጅም ከሆነ እግር ሥር በርጩማ ማድረግ፣ ቁጢጥ እንደማለት ስለሆነ ያቀላል።

ተልባ ይረዳል ወይ? አዎ፣ ግን ከበቂ ውሃ ጋር፣ በትንሽ በትንሹ። እሱ ካልበቃ ማክሮጎል ወይም ላክቱሎስ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፣ ውሃ ወደ አንጀት ስበው ያለሰልሳሉ፣ ላክቱሎስ ግን ሆድ ይነፋል። ቢሳኮዲልም ቢሆን መርዝ አይደለም፤ አንጀት ያሰንፋል የሚለው ወሬ ያን ያህል ማስረጃ የለውም። እኔን የሚያናድደኝ ምክንያቱን ሳያስመረምሩ ዓመት ሙሉ መዋጡ ነው።

ሐኪም ጋ ሲኬድ ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ)፣ ስኳርና ካልሲየም በደም ሊታይ ይችላል። ፊንጢጣን በጣት መመርመር ሲባል ብዙ ሰው ጥሎ ይወጣል። ኧረ ይታገሱት፣ በእሱ የሚታይ ነገር አለ! አንዳንዱ ሲያምጥ የፊንጢጣው ጡንቻ በመላላት ፈንታ ይጨመደዳል፣ ይሄን ተልባ አይፈታውም፣ መፍትሔው ጡንቻውን ማለማመድ ነው።

ደም ያየ፣ ሳያስበው የከሳ፣ ደም ማነስ ያለበት፣ ከ50 በኋላ ድርቀት አዲስ የጀመረው፣ ወይም ቤተሰቡ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ያለ ሰው "ኪንታሮት ነው" ብሎ አይለፈው፣ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት፣ ሊያስፈልገው ይችላል። ሆዱ ተነፍቶ እያስመለሰው ጋዝ እንኳ አልወጣ ያለው ደግሞ እኔ ጋ አይምጣ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፣ በዛው ሌሊት።