352 አውሮፕላን የጣለው ሰውዬ

ዛሬ እሁድ ነው ብዬ ከቤት ሳልወጣ ስለ ኤሪክ ሃርትማን ሳነብ ዋልኩ። ሰውዬው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ተዋጊ ፓይለት ነበር፣ 352 አውሮፕላን መትቶ ጥሏል ተብሎ ተመዝግቦለታል፣ በታሪክ የሚስተካከለው የለም። ቁጥሩ ላይ የሚከራከሩ አሉ፣ እሱን እንለፈው። መጀመሪያ መብረር ያስተማረችው ደሞ እናቱ ናት፣ ሞተር በሌለው ግላይደር።

እኔን የገረመኝ አተኳኮሱ ነው። ከሩቅ ጥይት አያባክንም፣ የጠላት አውሮፕላን የፊት መስታወቱን ሞልቶ እስኪታየው ይጠጋና ነው የሚተኩሰው፣ ስለዚህ የሱን አውሮፕላን፣ ሜሰርሽሚት የሚባለውን፣ ብዙ ጊዜ የሚጎዳበት ራሱ የመታው አውሮፕላን ስብርባሪ ነው። ነሐሴ 1943 (እ.ኤ.አ) እንደዛ ሆኖ ሩሲያዎች መሃል አረፈና ተያዘ፣ ሰውዬው ክፉኛ የተጎዳ መስሎ ተኛላቸው፣ በጭነት መኪና ሲወስዱት ዘሎ ጠፋ በቃ!

ጦርነቱ ሲያልቅ ለአሜሪካኖች እጅ ሰጠ፣ እነሱ ደሞ ለሶቪየት አስረከቡት፣ 10 ዓመት ገደማ ታሰረ። እዛ እያለ አንዴም ያላየው ልጁ ሞተ። ለሂትለር የተዋጋ ሰው ነውና ላዝንለት አልፈለግኩም ነበር፣ ግን እዚህ ጋ ስደርስ ሞባይሉን አስቀመጥኩት።

በ1955 ተፈቶ የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይል ገባ። ስታርፋይተር የሚባለው ጄት ሲመጣ ፓይለቶቻችን ገና አልደረሱለትም እያለ ተከራከረ፣ አለቆቹ አልወደዱለትም፣ በ1970 ጡረታ ወጣ። ያ ጄት ከ100 በላይ የጀርመን ፓይለቶች ህይወት አልፎበታል፣ ያውም በሰላም ጊዜ።