ሞዞው ወጣ!

ከ3 ሳምንት ትግል በኋላ ዛሬ ተሳካልኝ። ጋራዥ ውስጥ ያለችውን አሮጌ ዊል ሆርስ ታውቋታላችሁ፤ ኢንዲያና፣ ሳውዝ ቤንድ የተሠራችውን የጓሮ ትራክተር። ሞተሯ ደህና ነው። መከራ ያሳየኝ የኋላ ጎማዋ ሞዞ፣ ማለትም ጎማው በብሎን የሚታሰርበት የመሃል ብረት ነበር።

ማጥበቂያ ብሎኑን ቀድሜ ፈትቼዋለሁ። ሞዞው ግን ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ፣ ከአክስሉ ጋር በዝገት ተጣብቆ አንድ አካል ሆኗል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ መዶሻ ያነሳል። እባካችሁ አታንሱ! የአክስሉን ጫፍ ስትመቱት ጉዳቱ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል። ሞዞውም በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ከተመታ ይሰነጠቃል።

ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ የካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅዬ አንጠባጥብበት ነበር። ሁለቱም እሳት የሚይዙ ስለሆኑ ዛሬ በደንብ ጠራርጌ፣ የጋራዡን በር ከፍቼ ሞዞውን በእሳት አሞቅኩት። ሞዞውን ብቻ፣ አክስሉን አይደለም። ሲሞቅ ይሰፋል፣ ዝገቱም ይላቀቃል። ከዚያ መንቀያውን፣ ሞዞውን ስቦ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ በጎማው ብሎኖች አስሬ ትንሽ አጠብቃለሁ፣ እጠብቃለሁ። ደግሞ ትንሽ።

ድንገት "ጧ!" አለ። ባለቤቴ "ምን ፈነዳ?" ብላ እየሮጠች መጣች። ቀይ የዝገት ዱቄት መሬቱ ላይ ፈሰሰ፤ ሞዞው ጣት የምታክል ወደ ውጭ ወጥቷል። እንባዬ ሊመጣ ነበር። ሞዞውን ከአክስሉ ጋር አብሮ እንዲዞር የምታያይዘው፣ ግማሽ ጨረቃ የምትመስለው ትንሽ ብረት (ቁልፍ) እንኳ ሳትጎዳ ቦታዋ ላይ አለች።

ነገ አክስሉን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳና ግራሶ እቀባዋለሁ። የግራው ጎማ ገና ይቀረኛል።